ጋሽ ፊሽካና የልጃገረዶቹ ክበብ

የስፖርት አስተማሪው እናታቸው ያወጡላቸው ስም አላቸው፤ ከደመወዝ ቀን በቀር ግን የሚያስታውሰው የለም። ተማሪው፣ መምህሩ፣ ዘበኛው፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ሳይቀር «ጋሽ ፊሽካ» ነው የሚሏቸው። ፊሽካዋ ከአንገታቸው አትለይም። ሎጋ ናቸው፣ ድምፃቸው ጎርናና ነው፣ ሰማያዊ ቱታቸው ጉልበቱ ላይ ነጥቷል። ከሜዳው ጫፍ ሆነው አንዴ ከነፉ ግቢው በሙሉ ቀጥ ይላል። ከሩቅ ሲያዩዋቸው ያስፈራሉ፤ ቀርቦ ላወቃቸው ግን ዝንብ የማይገድሉ ሰው ናቸው።

ሦስት ወንዶች ልጆች አሳድገዋል። ስለ ሴት ልጅ ጉዳይ ግን የሚያውቁት ነገር ቢኖር ወሬው ሲጀመር ብድግ ብሎ መውጣትን ነው። ጨዋታው ወደ ምጥ፣ ወደ ማህፀን፣ ወደ ወር አበባ ዞር ካለ ጋሽ ፊሽካ ድንገት የረሱት ሥራ ትዝ ይላቸዋል። ባለቤታቸው እቤት ሆነው ልብስ የሚሰፉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» ይላቸዋል፤ ስለ ሙያቸው ነው የሚል አለ፣ ስለ ምላሳቸው ነው የሚልም አለ። እሳቸው ሲጠየቁ «ሁለቱም አላጠገበኝም» ይላሉ።

እንግዲህ ይህንን ሰው ነው ዳይሬክተሯ አንድ ሰኞ ቢሯቸው የጠሩት። የሳይንስ መምህርቷ ልትወልድ ፈቃድ ወጥታለች፤ እሷ የምትመራው የልጃገረዶች ጤና ክበብ ሰው አጥቷል።

«ከሰዓት በኋላ ክፍት ክፍለ ጊዜ ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት» አሉ ዳይሬክተሯ።

ጋሽ ፊሽካ ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ዞር ብለው አዩ።

«እርስዎን ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር እየመጣች ታግዝዎታለች። እሷ በማትመጣበት ጊዜ እርስዎ ይይዟቸዋል።»

«እኔ እኮ የማውቀው ስለ ኳስ ነው።»

«ኳስ የሚያውቅ ሰው ሰው አያቅተውም» አሉና ዳይሬክተሯ ወደ ወረቀታቸው አቀረቀሩ። ነገሩ አለቀ ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ጋሽ ፊሽካ ዛሬም ድረስ ሲያወሩት ላብ ላብ ይላቸዋል። ክፍሉ ገቡ፤ ልጃገረዶቹ ግጥም ብለው ተቀምጠዋል። መጽሐፉን ይዘው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ልጆቹ አዞሩና ማንበብ ጀመሩ። «የወር አበባ ማለት» ካሉ በኋላ ሳል ያዛቸው። ውሃ ተጎነጩ። «የወር አበባ ማለት» አሉ እንደገና፤ ሳሉ ተመልሶ መጣ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ቀልደኛ ልጅ፣ «ቲቸር፣ እኛ እናውቀዋለን፤ ወደሚቀጥለው ይለፉልን» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ፊሽካ የሚይዙት የሚጨብጡት ጠፋቸውና እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ አንገታቸው ሄደ፤ ፊሽካቸውን ነፉ። ልጆቹም እንደ ልማዳቸው ብድግ አሉና በሰልፍ ቆሙ። ተሰልፈው ከቆሙማ ምን ይደረጋል፤ «ወደፊት ሂድ» ተባሉና ወጥተው ሄዱ።

ማታ ይህንን ለሚስታቸው ሲነግሩ እትዬ መርፌ መቀሳቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ለመሆኑ እኔ ሦስት ስወልድ አንተ የት ነበርክ?»

«ሜዳ።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ሜዳ ነበርክ። በል ና ቁጭ በል እዚህ።» በርጩማውን ሳቡላቸው። «አፍህን እናፍታታው። የወር አበባ በል።»

«ተይ እንጂ ባክሽ።»

«በል አልኩህ። ነገ እነዚያ እንቦቃቅላዎች መሳቂያ ሊያደርጉህ ነው?»

ጋሽ ፊሽካ ጣራ ጣራውን እያዩ አሉት። ከመጋረጃው ወዲያ ከሚገኘው ክፍል የምራታቸው ድምፅ መጣ። «አባባ፣ አልተሰማኝም፤ ይድገሙት እስቲ።»

ምራታቸው የትልቁ ልጃቸው ሚስት ናት። ልጁ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። እሷም የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ብቻዋን ከምትሆን ብለው እነሱ ጋ አስገቧት። የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስታበጥርና ስትሠራ ውላ እግሯ አብጦ ትገባለች፣ ጨዋታዋ ግን አይደክምም። ጋሽ ፊሽካ ሴት ልጅ ማሳደግ ሳይደርሳቸው ቀርቶ ነበርና በእሷ ተክሰዋል። «ልጄ» ሲሏት ሌላው ሰው «ምራቴ» እንደሚለው አይደለም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጋሽ ፊሽካም ቀስ በቀስ ፊታቸውን ከሰሌዳው አዞሩ። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘጉና ልጆቹን፣ «እኔ ወንድ ልጆች ነው ያሳደግሁት። ይህንን ነገር ከእናንተ ይልቅ የማላውቀው እኔ ነኝ። እናንተ የምታውቁትን እኔን አስተምሩኝ፤ ሁላችንም የማናውቀውን ሲስተሯን እንጠይቃለን» አሏቸው። ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ይልቅ ጥያቄው መውረድ ጀመረ።

ጋሽ ፊሽካ ለዓመታት ሲገርማቸው የነበረ ነገር መልሱን ያገኙት እዚያ ነው። ልጃገረዶቹ በስፖርት ሰዓት «ሆዴን አመመኝ» እያሉ ጥላ ስር ይቀመጡ ነበር፤ አንዳንዶቹም ከትምህርት ቤቱ ጭራሽ ይቀራሉ። እሳቸው ስንፍና ይመስላቸው ነበር። ለካ የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት በሩ አይቆለፍም፣ ውሃ የለውም፣ ሞዴስ የሚቀየርበትም ቦታ የለም።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለእርስዎ?» አለች ያቺ የኋላ ወንበሯ ቀልደኛ። ይህንን ስትል ቀልድ አልነበረባትም።

ያቺ «ለእርስዎ?» ከጆሯቸው አልወጣ አለች። በሳምንቱ የኳስ ማስቀመጫውን ክፍል ግማሽ ባዶ አደረጉት። የተቀደደውን መረብ፣ የተነፈሰውን ኳስ፣ የተሰበረውን መዝለያ አውጥተው ጣሉ። እትዬ መርፌ ከቤት ትርፍራፊ ጨርቅ ወፍራም መጋረጃ ሰፉ። በሩ ቁልፍ ገባለት፤ በርሜል፣ ሳሙናና ክዳን ያለው ባልዲ ተቀመጠ፤ ሞዴሱን ዳይሬክተሯ ከትምህርት ቤቱ እንዲገዛ አደረጉ። ቁልፉ ልጃገረዶቹ እጅ ገባ። ወንዶቹ መምህራን «ጋሽ ፊሽካ ሜዳውን ሊያስረክቡ ነው» እያሉ አሾፉባቸው። እሳቸው ግን ጥላ ስር የሚቀመጠው እየቀነሰ መሄዱን ያዩ ነበርና አልመለሱላቸውም።

ነገሩ የከበደው በኪኒኑ ነው። ሲስተሯ ለልጃገረዶቹ በየሳምንቱ አንድ አንድ የምትሰጣቸው ቀይ የአይረን ኪኒን ነበር፤ ደም ማነስን ለመከላከል የሚወሰድ። ልጆቹ ጠዋት በሰልፍ መጥተው ኪኒናቸውን ይቀበላሉ፣ ውሃ ይጎነጫሉ፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይውጣሉ፤ ሥርዓቱ ለዓይን ያምር ነበር። ጋሽ ፊሽካም ክበቡ ሰመረ ብለው ደስ ብሏቸዋል።

ከልጆቹ መካከል «ጥይት» የሚሏት አንዲት ቀጭን ሯጭ አለች። ስትሮጥ እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ጋሽ ፊሽካ በትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ተስፋቸውን የጣሉባት ልጅ ናት። ቁርሷን ሳትበላ ትመጣለች፣ በእረፍት ሰዓት ሻይ በዳቦ ትበላለች፣ ከዚያ ስትሮጥ ትውላለች። ባለፉት ወራት ግን እየዘገየች መጣች። ሁለት ዙር ሳትዞር ታለከልካለች፣ ከንፈሯ ይነጣል።

«ሰነፍሽ፣ የኔ ልጅ» ይሏታል ጋሽ ፊሽካ። እሷ ጉልበቷን ይዛ ትተነፍሳለች።

አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ ጥምዝዙ ጋ ስትደርስ እንደ ተቆረጠ ሸንበቆ ዝልፍልፍ ብላ ወደቀች። ጋሽ ፊሽካ እንዴት እንደ ደረሱባት አያውቁም። አንስተው ታቅፈዋት ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ ቅልል ማለቷ ከመውደቋ በላይ አስደነገጣቸው። ሲስተሯ የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ደሟ ተመረመረ።

«ደሟ በጣም አንሷል» አለች ሲስተሯ። «በየሳምንቱ አይረን የምትወስድ ልጅ እንዲህ አትሆንም ነበር።» ወደ ጥይት ዞረች። «ትወስጃለሽ አይደል?»

ጥይት ግድግዳውን አየች።

በዚያው ሳምንት ዝናብ ጣለ። ጋሽ ፊሽካ ኳስ ሊያወጡ ሄደው በኳስ ክፍሉ ጀርባ ሲያልፉ፣ ዝናቡ ያጠበው አፈር ላይ ቀይ ቀይ ነገር ተበትኖ አዩ። አጎንብሰው አንዱን አነሱ። ግማሽ የሟሟ ኪኒን ነው። ከግድግዳው ስር እንደ ተዘራ እህል ተዘርቷል። ያ ሁሉ ሰልፍ፣ ያ ሁሉ አንገት ማቅናት ከምላስ ስር ደብቆ እዚህ ለመትፋት ኖሯል።

ጥይት ሲሻላት ብቻዋን ጠሯት። አልጮኹም፤ ጎናቸው አስቀመጧትና እንክብሉን መዳፋቸው ላይ አሳዩዋት።

«ያመክናል» አለች ጥይት ቀስ ብላ። «ልጆች እንዳይወለዱ ነው የሚሰጡን።»

«ማነው ያለው?»

«አክስቴ። ሁሉም ይላል። አክስቴ ግን...» ተወችው። ጥይት የምትኖረው ከአክስቷ ጋር መሆኑን ጋሽ ፊሽካ ያውቃሉ፤ ሴትየዋ ሆቴል ቤት አንሶላ ትተኩሳለች፣ ባል የላትም፣ ልጅም የላትም።

በሚቀጥለው የክበቡ ቀን ጋሽ ፊሽካ ፊት ለፊት ቆሙና፣ «የኔ ምራት እርጉዝ ናት፤ ብዙዎቻችሁ ፀጉር ቤቷ ትሄዳላችሁ፣ ታውቋታላችሁ። ጤና ጣቢያ የሚሰጣት ያው አይረን ነው፤ መጠኑ ነው የሚለየው። እናንተ በሳምንት፣ እሷ በየቀኑ። የሚያመክን ነገር ለእርጉዝ ሴት ይሰጣል? በየቀኑ ትውጣለች፣ ሆዷም እንደምታዩት ነው» አሉ። በንግግራቸው ራሳቸውም ረኩ።

የኋላ ወንበሯ ልጅ እጇን አወጣች። «ስትውጥ አይተዋታል?»

«ምን?»

«እኛም እኮ እየዋጥን ይመስልዎት ነበር፣ ቲቸር።»

ዳኛ ያላየውን ጎል አያጸድቅም፤ ይህንን ሜዳ ላይ ስንት ጊዜ ጋሽ ፊሽካ ራሳቸው ተናግረዋል።

እቤት ሲገቡ ምራታቸው እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። ጋሽ ፊሽካ ቱታቸውን ሳይቀይሩ ፊቷ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ያንን የሚሰጡሽን ኪኒን ትወስጃለሽ?»

ምራታቸው ቀልድ ልታመጣ ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን መንገድ ላይ ቀረ። ተነስታ መሳቢያዋን ከፈተችና ከፀጉር ቅባቶቹ ስር እሽጎቹን አወጣች። ጥቂት ጎድለዋል እንጂ ሙሉ ናቸው።

«መጀመሪያ ወስጄ ነበር፣ አባባ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ስውጠው ያቅለሸልሸኛል፤ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው ሊያስመልሰኝ የሚደርሰው። ደግሞ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሽንት ቤት ስሄድ ጥቁር ሆነብኝ። ውስጤ የተበላሸ መሰለኝ። ማንን ልጠይቅ? እሱ መንገድ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ይሄ አይወራ።»

እትዬ መርፌ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ፣ «ተዪው እቴ። እኔ ሦስቱንም ያለ ኪኒን ነው የወለድኳቸው» አሉ።

ከዚያ የመኪናው ድምፅ ቆመ። ሴትየዋ መርፌውን ትኩር ብለው አዩት።

«የመሃለኛውን የወለድኩ ጊዜ ግን ከአልጋ ስነሳ ግድግዳ ይዤ ነበር። ብዙ ደም ፈሶኛል። ወር ሙሉ ቤቱ ሲዞርብኝ ነው የከረመው።»

ጋሽ ፊሽካ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ብርድ መታኝ ነው ያልሽኝ።»

«ታዲያ ምን ልበልህ? ወሬው ሲጀመር አንተ ሥራ ትዝ ይልህ ነበር።»

ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፤ ጋሽ ፊሽካ ግን ተነስተው ሄዱና ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሙ። እጃቸውን የሚስታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። እትዬ መርፌም ትከሻቸውን አላሸሹም። «በቃ፣ ያለፈ ነገር ነው» አሉ ቆይተው። «ይልቅ ይህችን ልጅ ነገ ይዘናት እንሂድ።»

በማግስቱ ሦስቱም ጤና ጣቢያ ሄዱ። የምራታቸው ደም ትንሽ ዝቅ ብሏል፣ ሆኖም ለክፉ የሚሰጥ አልነበረም። ሲስተሯ አልተቆጣችም። ማታ እራት ከበላሽ በኋላ ዋጪው፣ ማቅለሽለሹ ይቀንሳል አለቻት፤ ሻይ ከምግብና ከኪኒን አርቂው፣ ብርቱካን ካገኘሽ ከእሱ ጋር ይስማማል፤ ጥቁር መሆኑ የአይረኑ ጠባይ ነው፣ አያስፈራሽ። ራስ ምታት ከጠናብሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ፣ ፊትሽና እጅሽ ካበጠ ወይም ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ እንዳትጠብቂ። ጋሽ ፊሽካ የሚባለውን ሁሉ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይደግሙት ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት ሲነሳ ጋሽ ፊሽካ አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ከምራታቸው ፊት ይቆማሉ። ስትውጥ ያያሉ። «ምላስሽን» ይላሉ። ምራታቸው ምላሷን ታወጣላቸዋለች፤ እትዬ መርፌ «አሁንስ ዳኝነቱ በዛ» ይላሉ። ሻይ የጠጣች እንደሆነ ደግሞ ቢጫ ካርድ ይሰጧታል፤ ካርዱ ከኪሳቸው አይጠፋም።

ልጆቹን ላናግራቸው ያለችው ራሷ ምራታቸው ናት። እትዬ መርፌ ግን አልጣማቸውም።

«ሆድ ኳስ ነው እንዴ ሜዳ የምታወጪው? ዓይን የሚባል ነገር የለም?»

«እማማ፣ እነዚህ ልጆች ፀጉራቸውን የሚሠሩት እኔ ጋ ነው። ፍቅረኛቸውን ሳይቀር የሚነግሩኝ ለእኔ ነው። እኔ የነገርኳቸውን ይሰማሉ።»

እትዬ መርፌ ጥቂት አሰቡና፣ «እንግዲያው ያንን ሰፊውን ቀሚስ ልበሺ። እጄን ያስመሰገነልኝን» አሉ።

በዚያ ቀን የክበቡ ክፍል ጠቦ ነበር፤ የክበቡ አባል ያልሆኑትም መጥተዋል። ሲስተሯ ጥግ ተቀምጣለች። ምራታቸው ወንበር ላይ ተመቻችታ ልትጀምር ስትል በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች። የሥራ ሽርጧን አልፈታችም፣ እጅጌዋ እንደ ተጠቀለለ ነው። የጥይት አክስት ናት።

«የስፖርት አስተማሪው ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ልጄን ምን እየሰጣችሁብኝ ነው? በሩጫ ጣላችኋት፣ አሁን ደግሞ መድኃኒቱን ካልወሰደች ተብሏል አሉ። እናት የላትም ብላችሁ ነው? እኔ አለሁላት።»

ጥይት አንገቷን ደፋች። ጋሽ ፊሽካ ሊመልሱ ሲሉ ምራታቸው ቀደመች። «እትዬ፣ ጠጋ ብለው ይቀመጡ። እኔም ላወራ ነበር፤ አብረን እናውራ። ቆሜ እንዳልቀበልዎት ይቺ ሆዴ አላስነሳ አለችኝ።»

አክስቲቱ መቀመጥ አልፈለገችም፤ እርጉዝ ሴት ስትለምን ግን እንቢ ማለት ከበዳት። ተቀመጠች።

ምራታቸው ወደ ልጆቹ ዞረች። «ቲቸራችሁ ምራቴ በየቀኑ ትውጣለች ብለው ነግረዋችኋል አይደል? ውሸት ነው።» ልጆቹ ጋሽ ፊሽካን አዩዋቸው፤ እሳቸው መሬት መሬቱን አዩ። «እሳቸው አልዋሹም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ። እናንተ ከኳስ ቤቱ ጀርባ ትተፉታላችሁ፣ እኔ መሳቢያዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ፤ ልዩነታችን ይህ ነው።» ከዚያ ማቅለሽለሹን፣ የፈራችውን፣ መጠየቅ ማፈሯን፣ ደሟ ዝቅ ማለቱን ምንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ስለ ጥቁሩ ነገር ስታወራ ልጆቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። «ሳቁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ኑዛዜ ላስጽፍ ነበር» አለቻቸው።

አክስቲቱ ሳቋን ዋጠች፤ ፊቷ ግን ወዲያው ጠቆረ።

«አንቺስ ታድለሻል፤ አርግዘሻል» አለች። «እኔም ባል ነበረኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አመመኝና ምንነቱን የማላውቀው ኪኒን አንድ ሰሞን ዋጥኩ። ከዚያ በኋላ አገባሁ፤ ልጅ ግን እንቢ አለኝ። ሰውዬውም ሄደ።» ወደ ጥይት አመለከተች። «ይህችን እህቴ ናት የተወችልኝ። ነገ አድጋ፣ ወልዳ መሳም አምሯት፣ አንቺ ነሽ ያስዋጥሽኝ እንድትለኝ አልፈልግም። የእኔ ይበቃል።»

ማንም ያልጠበቀው ነገር ነበር። ጥይት ይህንን ስትሰማ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው።

ሲስተሯ ከጥጉ ተነስታ መጥታ አጠገቧ ቁጭ አለች። «ያኔ የዋጡት ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እትዬ። ስለዚህ እሱ አይደለም ብዬ አልዋሽዎትም፣ እሱ ነውም አልልም። ይሄኛውን ግን አውቀዋለሁ። እንደ ስጋ፣ እንደ ጉበት፣ እንደ ምስር ያለ ነገር ነው፤ ሰውነታችን ደም የሚሠራበት። ማህፀን የሚዘጋ ነገር የለውም። እንዲያውም ደም ሳይኖራት ያረገዘች ልጅ ናት የምታሳስበኝ። እኔም ሁለቱን ልጆቼን ሳረግዝ ወስጄዋለሁ።»

«አንቺም?»

«እኔም።»

አክስቲቱ ወደ ጥይት ዞረች። «ለምን ወደቅሽ?» አለቻት፤ ጥያቄው ተግሳጽ አልነበረበትም።

«ዓይኔ ጨለመ፣ እታለም። ብዙ ጊዜ ይጨልማል። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

ያኔ ነው የአክስቲቱ እንባ የመጣው። በሽርጧ ጫፍ ጠረገችውና ወደ ሲስተሯ ዞራ፣ «እኔ ፊት ትውጥ። ምሳዋን አብልቼ፣ በእጄ» አለች።

«ከዚህ የተሻለ አልጠይቅም» አለች ሲስተሯ።

እንዲህ ስለተባለ ሁሉም ልጃገረዶች በማግስቱ ተለወጡ ማለት አይደለም። አንዳንዶቹ መትፋታቸውን አልተዉም፤ አንዲት እናትም መጥተው ልጄን ከክበቡ አውጡልኝ ብለው ወስደዋታል። ነገር ግን ወሬ ክንፍ እንዳላት ሁሉ፣ ይህኛውም ወሬ ከፀጉር ቤቱ ወንበር እየተነሳ ሰፈሩን ዞረ። ኪኒኑ ከእንግዲህ በባዶ ሆድ በጠዋት ሰልፍ ሳይሆን ከምሳ በኋላ እንዲሰጥ ሲስተሯና ጋሽ ፊሽካ ተስማሙ። የኳስ ክፍሉ ጀርባ በጊዜ ሂደት አፈር ብቻ ሆነ። ጥይት ደግሞ ሲስተሯ ለብቻዋ ያዘዘችላትን መድኃኒት ስትጨርስ ፊቷ ተመለሰ። ልምምድ ሳታቋርጥ ከርማ በትምህርት ቤቶች ውድድር ሦስተኛ ወጣች። ጋሽ ፊሽካ አንደኛ እንደ ወጣች አድርገው ሲያቅፏት፣ «ቲቸር፣ ሦስተኛ እኮ ነኝ» አለች።

«አይቻለሁ። በእግርሽ ቆመሽ ነው የጨረስሽው» አሏት።

የምራታቸው ምጥ የመጣው እኩለ ቀን ላይ፣ የደንበኛ ፀጉር በእጇ እንደያዘች ነው። ቀድሞ የተነጋገሩበት ነበርና ማንም አልተደናገጠም፤ ሻንጣዋ ተዘጋጅቷል፣ የሚወስዳት ባለ ታክሲ ስልኩ ተይዟል። ጋሽ ፊሽካ መልእክቱ ሲደርሳቸው ክፍሉን ለሌላ መምህር ሰጥተው ከነቱታቸው ጤና ጣቢያ ደረሱ። እትዬ መርፌ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሩ ሲከፈት እትዬ መርፌ የባላቸውን እጅ ይዘው ነበር፤ መቼ እንደ ያዙት ሁለቱም አያውቁም።

«ሴት ናት» አለች አዋላጇ። «እናትየዋም ደህና ናት። ደሟም የፈሰሰው ልክ ነው፤ አታስቡ።»

ጋሽ ፊሽካ ተነሱ፣ ተቀመጡ፣ እንደገና ተነሱ። ሲገቡ ምራታቸው ላብ በላብ ሆና ትስቃለች። «አባባ፣ ይኸው ሴት ልጅ አመጣሁልዎ። እንግዲህ ሥራ አለብኝ ብለው የትም አይሄዱም» አለቻቸው። ሹፌሩ ባሏ በማግስቱ ከነአቧራው ሲደርስ፣ ሕፃኗን እንዴት አድርጎ እንደሚያቅፋት ያሳዩት አባቱ ጋሽ ፊሽካ ናቸው።

የሳይንስ መምህርቷ ከፈቃድ ስትመለስ ክበቡን ልትረከብ መጣች። ልጃገረዶቹ ግን የኋላ ወንበሯን ልጅ አስቀድመው ዳይሬክተሯ ዘንድ ገቡ። ጋሽ ፊሽካም ይቆዩልን አሉ። ዳይሬክተሯ ጋሽ ፊሽካን ጠርተው ሲነግሯቸው ሰውየው ያኔ እንዳደረጉት ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። «እሺ» አሉ፤ «መምህርቷ ሳይንሱን ትያዘው፣ እኔ ሰዉን እይዛለሁ።»

ሕፃኗ ክትባት የምትወስድበት ቀን ሲደርስ ምራታቸው ፀጉር ቤት ደንበኛ በዝቶባት፣ እትዬ መርፌም ለሠርግ የሚሰፉት ቀሚስ አላልቅ ብሏቸው ነበርና አያትየው ብቻቸውን ይዘዋት ሄዱ። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ እርጉዞችና አራሶች ትከሻ ለትከሻ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ወንድ የሚባል የለም። ጋሽ ፊሽካ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። አንዲት ሆዷ የገፋ ወጣት ቀና ብላ አየቻቸውና ለጎረቤቷ ቦታ እንድትለቅ ምልክት ሰጠች።

«ጋሼ፣ ይምጡ ይቀመጡ። የልጅ ልጅዎ ናት?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ።» ተቀመጡ። ሕፃኗ ጣታቸውን ጨብጣ ተኝታለች። ጥቂት ቆዩና ጎረበጥ ያላቸው ነገር ያለ ይመስል ወደ ወጣቷ ዘንበል አሉ። «አንቺስ፣ ስንት ወርሽ ነው? ክትትል ጀምረሻል?»

ወጣቷ መጀመሪያ ግራ ተጋብታ አየቻቸው፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስታስጨንቃት የነበረውን ነገር ትጠይቃቸው ጀመር።